እነዚያ ልጆች ራሳቸው ለምን እንደተላጨ ልንገራችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዝ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አንዴ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዴ ደግሞ ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ ተናድጄ። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል፣ ልቡም ጥሩ ነው። የጎዳና ልጆቻችን ነገር አሳስቦት፣ እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጆቹን ከየመንገዱ ሰብስበው፣ አብልተው፣ ሙያ አስተምረው ተገላገሉ፣ እኛስ ምን ያንሰናል ነው የሚለው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ያናደደኝ ፎቶው ነው።

ወንዶች ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ራሳቸው ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቶ፣ በመስመር ቆመዋል። ከሥሩ «ንጹሕና ሥርዓት የያዙ» ይላል። እኔ 31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የልጅ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የማየው ራሱንና ዓይኑን ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። እንደዚያ በጅምላ የተላጨ ራስ ሳይ ደግሞ የሚታየኝ ቆረቆር ነው። ዳር ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ፀሐይ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም መቼም፣ ያ ባርኔጣና ከዘራ ያለው አስቂኝ ሰውዬ። እሱ በ1896 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የ7 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናቱ የምታኖርበት ብታጣ ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር ለንደን ዳርቻ ሃንዌል ወደሚባል ትልቅ የድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ሲድኒ ኤክስማውዝ ወደምትባል የመርከበኞች ማሠልጠኛ መርከብ ሄደና ቻርሊ ብቻውን ቀረ። እዚያ ቆረቆር ያዘው። ራሱን ላጩት፣ አዮዲን ቀቡት፣ በጨርቅ ጠመጠሙለት፣ ከሌሎቹ ለዩት። ጤነኞቹ ልጆች የቆረቆር ልጆችን ይጸየፉ ስለነበር በመስኮት ብቅ ብሎ መታየት እንኳ ያፍር እንደነበር አድጎ ራሱ ጽፎታል። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ልጅ ውስጥ ስሙን የምናውቀው አንዱ ነው፣ የእሱንም ያወቅነው ዝነኛ ስለሆነ ነው።

በሕግ ቋንቋ ሃንዌል የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ በድሆች መርጃ ሕግ ሥር የነበረ የወረዳ ትምህርት ቤት ነው። የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶቹ ዳኛ ልጅ የሚልክባቸው ናቸው። ጸሐፊያችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል፣ እኔም በዚህ ደብዳቤ ሁለቱንም አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ልጁ ላይ የሚደርሰው ነገር አንድ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ረጅም መኝታ ክፍል፣ ብዙ ልጅ፣ ጥቂት ሠራተኛ።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቅ ነገር አጀማመሩን ነው። ነገሩ የጀመረው እኮ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ነው፣ በ1841። ዊልያም ዋትሰን የሚባል ዳኛ ነበር። ያንኑ ልጅ ደጋግሞ ወህኒ መላክ ሰለቸው። ልጁ ይሰርቃል፣ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ይርበዋል፣ ይሰርቃል። ስለዚህ አንድ ቤት ከፈተ። ልጆቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ በቀን ሦስቴ ይበላሉ፣ ጥቂት ሰዓት ፊደል ይማራሉ፣ የቀረውን ሰዓት መረብ እንደመሥራት ያለ ሥራ ይሠራሉ፣ ማታ ደግሞ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በ1845 ፖሊስ በአንድ ቀን በከተማው የሚለምኑ ልጆችን ሰብስቦ ሲያመጣ 75 ሆኑ፤ ማንበብ የሚችሉት 4 ብቻ ነበሩ። አጠቧቸው፣ አበሏቸው፣ ከዚያ ነገ መምጣትም መቅረትም ትችላላችሁ፣ መለመን ግን አይቻልም አሏቸው። አብዛኞቹ በነጋታው በገዛ እግራቸው መጡ። ምግብ አለ ነዋ!

ማታ ወደ ቤት መሄዳቸውን ልብ በሉልኝ። ቤት ያልኩት ምናልባት አንዲት እርጥብ ክፍል ናት፣ አባትየውም ሰካራም ይሆናል። ግን እናት አለች፣ እህት አለች፣ ልጁ ራሱን ሲያሳክከው የሚያይለት ሰው አለ። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ልጅ በእከክ ሲያዝ አምስት ልጅ ነው የታመመው። አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲሆን ግን ስንት እንደሚሆን ቁጠሩት።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ለእንግሊዝ በ1857፣ ተጠናክሮ በ1866፣ ለአየርላንድ በ1868። ከዚያ ወዲህ ሲለምን የተገኘ ልጅ፣ ማደሪያ የሌለው ልጅ፣ ከሌቦች ጋር ሲውል የታየ ልጅ ዳኛ ፊት ይቀርብና 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲያድር ሊወሰንበት ይችላል። ብዙዎቹ ምንም ወንጀል አልሠሩም፣ ድሃ ናቸው፣ በቃ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ መንግሥት በሳምንት ይህን ያህል ሺልንግ እያለ ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል። በነፍስ ወከፍ ማለት ነው። ልጁ ግቢ ውስጥ እስካለ ገንዘቡ ይመጣል፣ ልጁ ወደ እናቱ ከተመለሰ ገንዘቡ ይቆማል።

እኔ በዚህ አሠራር ላይ ነው የምደርቀው። ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሲወራ ሰው ጨካኝ አስተዳዳሪ፣ ጅራፍ፣ ምናምን ይፈልጋል። ጅራፉም ነበር፣ አልካድኩም። ልጆቹን በብዛት ያሳመማቸው ግን ሒሳቡ ነው። አልጋ ባዶ ከሆነ ኪሳራ ነው፣ አልጋ ከተጨናነቀ ትርፍ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ የተሰጠው ደግ ሰውም ቢሆን አልጋ ማጠጋጋቱ አይቀርም። አየርላንድን ተመልከቱ። ደብሊን አጠገብ አርቴን የተባለው ትምህርት ቤት በ1870 ተከፈተና እያደገ ሄዶ ከ800 በላይ ወንዶች ልጆችን የሚይዝ ሆነ፣ አንድ ግቢ ውስጥ! በ1898 አገሪቱ ውስጥ 71 እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ ልጆች ይዘው። አየርላንድ ምን ያህል ትንሽ አገር እንደሆነች ካርታ ላይ ፈልጓት። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ ስለደረሰው በደል በ2009 የወጣው ትልቁ የአየርላንድ የምርመራ ሪፖርት በአብዛኛው የሚያወራው ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ግን ይህ በራስ ቁጥር መክፈል ያመጣውን ጣጣ ሳያነሳ አላለፈም።

ሒሳቡ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ቱቲንግ ላይ ታይቶ ነበር። ቱቲንግ ያን ጊዜ ከለንደን በስተደቡብ ያለ መንደር ነው። ድሩዌ የሚባል ሰው የድሆች ልጆችን ከለንደን ወረዳዎች እየተረከበ የሚያሳድርበት ትልቅ ግቢ ነበረው። በአንድ ልጅ በሳምንት 4 ሺልንግ ተኩል ይከፈለዋል። ወደ 1,400 የሚጠጉ ልጆች ነበሩት። ከዚያች ገንዘብ ለሰውዬው የሚተርፈው እንግዲህ ከልጁ አፍና ከልጁ ብርድ ልብስ የቀነሰው ነው። በ1848 መጨረሻ ኮሌራ ገባ። ሐኪም ሊያይ ሲሄድ የታመሙ ልጆች በአንድ አልጋ አራት አራት ሆነው ተኝተው አገኘ። ነገሩ እስኪያበቃ ወደ 180 የሚጠጉ ልጆች ሞቱ። ኮሌራው በአካባቢው ባሉ ቤቶች ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው የበላው።

ስለ አሟሟታቸው ምርመራ የተደረገው እንኳ በአጋጣሚ ነው። የዚያ አካባቢ አስከሬን መርማሪ ዝም ብሎ አስቀበራቸው። ወደ ለንደን ሆስፒታል የተወሰዱት ሲሞቱ ግን ጉዳዩ ወደ ሌላ መርማሪ ዞረ፣ ወደ ቶማስ ዋክሊ፣ ላንሴት የሚባለውን የሕክምና መጽሔት ወደ መሠረተው ማለት ነው። እሱ ዝም አላለም። ድሩዌ ተከሰሰ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ነፃ ወጣ። ለምን መሰላችሁ? የሞተው ልጅ በደንብ ቢንከባከቡት ኖሮ ከኮሌራው ይተርፍ ነበር ብሎ መመስከር የሚችል ስለጠፋ። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም።

ታዋቂው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ያን ጊዜ በጋዜጣ ላይ ስለዚህ ደጋግሞ ጻፈ (ጋዜጣ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው፣ አዘጋጁ ይደሰቱ)። ከተጻፈው ውስጥ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። ኮሌራው ከመምጣቱ በፊት የወረዳ ተቆጣጣሪዎች ግቢውን ሊጎበኙ ሄደው ነበር። ድንቹ የጠቆረና የተበላሸ መሆኑን አዩ። ልጆቹ ቅሬታ እንዳላቸው ጠየቁ፣ ቅሬታ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። የተወሰኑት አወጡ። ድሩዌ እዚያው ጎብኚዎቹ ፊት ውሸታሞች ናቸው፣ ሊገረፉ ይገባል አለ። ጎብኚዎቹም ሄዱ። ልጆቹን ትተውለት ሄዱ።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ፣ የኔ ሙያ እዚህ ነውና።

ኮሌራ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ይጻፋል። ያን የመሰለውን ትምህርት ቤት ሁሉ ግን ዓመት ከዓመት የበላው የዓይን በሽታ ነው። ሐኪሞቹ ኦፍታልሚያ ነበር የሚሉት። አብዛኛው እኛ ትራኮማ የምንለው ነው፣ ከሌላ የዓይን ማዝ ጋር ተደባልቆ። ትራኮማን ለኢትዮጵያዊ ማን ያስተምረዋል? በዓለም ላይ በብዛት ያለው እኛ ጋ ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን እየቧጨራት በወረንጦ የምትነቅል እናት ያላየ የገጠር ሰው አለ? እኔ ወሎ ስሠራ ወረንጦውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴቶች ነበሩ፣ እንደ ማተብ።

ይህ በሽታ የሚተላለፈው በጣት ነው፣ በጨርቅ ነው፣ በዝንብ ነው። አንድ ልጅ ፊቱን ጠርጎ ያስቀመጠውን ፎጣ ሌላው ሲያነሳው ያልቃል ነገሩ። ፊቱን የታጠበ ልጅ እንኳ የሰው ፎጣ ከነካ ልፋቱ ከንቱ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ደግሞ ፎጣው የጋራ ነው፣ የመታጠቢያው ውሃም የጋራ ነው፣ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ልጆች በየሳምንቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እናት ሥራ ስታገኝ ትወስዳለች፣ ሥራ ስታጣ ትመልሳለች። ትምህርት ቤቱ ዓይኑን አክሞ ሳይጨርስ አዲስ በሽተኛ በር ላይ ይቆማል።

በ1870ዎቹ ኤድዋርድ ኔትልሺፕ የሚባል የዓይን ሐኪም የለንደንን የድሆች ትምህርት ቤቶች እየዞረ የልጆችን ዓይን መረመረ። የመረመረ ያውቀዋል ይህን ሥራ፤ ልጁ ያለቅሳል፣ የዓይን ቆቡን ትገለብጣለህ፣ ከሥሩ እንደ አሸዋ የተዘራ ነገር ታያለህ፣ ቀጣይ ትላለህ። ያንኑ የሚያውቁ ሐኪሞች ልጆቹን ለዩ፣ ለየብቻ ፎጣ ስጡ እያሉ ወተወቱ። ሌሎች ደግሞ ጥፋቱ የተበላሸው አየር ነው ብለው መስኮት ያስከፍቱ ነበር። መስኮት መክፈት ክፉ አይደለም፣ ፎጣውን ግን አያጥበውም። እያለ እያለ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ለዓይን ሕሙማን ልጆች ብቻ የተሠራ ትምህርት ቤት አስፈለገ። በ1897 ስዋንሊ በምትባል ቦታ ኋይት ኦክ የሚባል ተከፈተ። እስቲ አስቡት፣ ትምህርት ቤት ልጆችን እያሳመመ፣ እሱ ላሳመማቸው ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት መሥራት!

ዕውር ሆኖ የወጣ ልጅ ምን ዓይነት ጫማ ሰፊ ይሆናል? ጸሐፊያችሁ ስለ ሙያ ብዙ ብሏል፣ ስለዚህ ልጠይቀው። ሙያ ከተባሉት ውስጥ ልብስ ስፌትና ጫማ ስፌት ነበሩ፣ እሺ። ግን በብዙዎቹ ዘንድ የትንንሾቹ ሥራ ማገዶ መፍለጥና ማሰር፣ የወረቀት ከረጢት ማጣበቅ ነበር። ለሴቶቹ ደግሞ የልብስ እጥበት። ማገዶ ማሰር ሙያ ነው? ለትምህርት ቤቱ ገቢ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ የሰው አንሶላ ስታሽ ውላ ማታ በየትኛው ጉልበቷ ነው የምትማረው?

ፎረስት ጌት በሚባለው ትምህርት ቤት በ1890 የአዲስ ዓመት ዕለት ሌሊት እሳት ተነስቶ 26 ወንዶች ልጆች ሞቱ። የጨረሳቸው ጢሱ ነው። ብዙ አልልም።

እነዚህን ቦታዎች ገብታ በትክክል ያየች አንዲት ሴት ናት፣ ጄን ሲኒየር። በ1873 መንግሥት ሴቶቹ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ አይተሽ ንገሪን አላት። ያን ጊዜ ሴት የመንግሥት ኃላፊ ሆና እንዲህ ያለ ሥራ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ናት፣ ወንዶቹም ደስ አላላቸውም። ስለ ዓይኑ ጻፈች፣ ስለ መጨናነቁ ጻፈች። ከሁሉ በላይ ግን ልጃገረዶቹ የጎደላቸው የእናት እጅ ነው አለች። ቁጥር የለመዱ ሰዎች ይህን የሴት ወሬ አድርገው ሳቁበት። እኔ ግን ሳነበው ሕክምና ሆኖ ነው የታየኝ። የእናት እጅ ማለት ልጁ ዓይኑን ሲያሽ «ና እስቲ ልየው» የሚል ሰው ማለት ነው። ሦስት መቶ ልጅ የያዘች አንዲት ተቆጣጣሪ ይህን ልትል አትችልም፣ መልአክ ብትሆንም።

ሃያ ዓመት ቆይቶ ሰሚ ተገኘ። ሸፊልድ ከተማ በ1893 ልጆቹን ከትልቁ ግቢ አውጥታ በየሰፈሩ በተበተኑ ተራ ቤቶች ውስጥ ጥቂት ጥቂት አድርጋ ማኖር ጀመረች፣ ትምህርታቸውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ተራ ትምህርት ቤት ሄደው ይማራሉ። በ1896 አንድ የመንግሥት ኮሚቴም ስለ ለንደኖቹ ሰፋፊ ግቢዎች በቃ ይፍረሱ የሚል ሪፖርት አወጣ። ልብ በሉ፣ ቻርሊ ቻፕሊን ሃንዌል የገባው በዚያው ዓመት ነው። ሪፖርትና ግቢ ለየቅል ናቸው።

ፍትሐዊ ልሁን። መንገድ ላይ ቢቀር በብርድና በረሃብ የሚሞት ልጅ እዚያ ገብቶ የተረፈ ብዙ ነው። በቀን ሦስቴ መብላት ቀልድ አይደለም። ጸሐፊያችሁ ይህን ማለቱ ልክ ነው። ያልገባኝ ግን ለምን አበርዲንን ትቶ ትልቁን ግቢ እንደመረጠልን ነው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ያለ ነገር አይደለም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ አንድ የልጆች ማሳደጊያ ሄጄ ነበር፣ የዓይን ምርመራ ልናደርግ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ አሁን የተሻለ ሊሆን ይችላል። 38 ልጆች፣ ሦስት ፎጣ። ራሳቸው በሙሉ ተላጭቷል። ግድግዳው ላይ የልጆቹ ፎቶና ለእያንዳንዳቸው በወር የሚከፍለው የውጭ አገር ሰው ስም ተለጥፏል። ኃላፊው ሻይ አስመጣልኝና፣ «ሲስተር፣ እነዚህ ልጆች እኮ ከየት እንደመጡ ብታዪ ይህ ለእነሱ ገነት ነው» አለኝ። እኔም ልጆቹን «ምን ጎደላችሁ የኔ ልጆች?» አልኳቸው። ሁሉም መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን እሱን ነው። አንዷ ብቻ፣ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዓይኗን ስመረምራት ጆሮዬ ሥር «ፎጣው ይሸታል» አለችኝ።

መርካቶ ሄጄ 38 ትንንሽ ፎጣ ገዛሁ። ከልጄ ጋር ሆነን በቀይ ክር የየልጁን ስም ጠለፍንበት፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ወስጄ ሰጠሁ፣ ኃላፊው መረቀኝ። ከአራት ወር በኋላ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ፎጣዎቹ በረንዳው ግድግዳ ላይ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል፣ ስማቸው ወደ ውጭ፣ በተራ፣ በጣም ያምራሉ። አንዱን ነካሁት። የሱቁ ማጠፊያ መስመር ገና አልለቀቀውም ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ጡረተኛ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ